የዳክዬ ጫጩት በካርቶን ይዘው ቤት ከመግባትዎ በፊት

ክረምቱ አልፎ የፀደይ ወራት ሲመጣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የእርሻ ዕቃ መደብሮች የዳክዬ ጫጩት መሸጥ ይጀምራሉ። ልጅዎ ያይና «አባዬ፣ ግዛልኝ» ይላል። ወይም ታክሲዎን ሲነዱ እናቷ የጠፋባት ጫጩት ከመንገድ ዳር ያገኛሉ። ዳክዬ በአገራችን እምብዛም አትረባም፤ ዶሮ ሲረባ እያየ ያደገ ሰው ግን «ይኸማ ያው ጫጩት ነው» ብሎ ይጀምራል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። የዳክዬ ጫጩት የዶሮ ጫጩት አይደለችም። የተገዛችና የተገኘችም አንድ አይደሉም፤ በየተራ እንያቸው።

በቅድሚያ የተገዛችውን። ከማራቢያ ጣቢያ በፖስታ የሚመጡም አሉ። የፖስታ ደንቡ ከተፈለፈሉ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲደርሱ ያዛል፤ ይህም የሚቻለው ጫጩቷ ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ በሆዷ ይዛ ስለምትፈለፈል ነው። ስለዚህ ቤትዎ እንደደረሱ አስቀድመው ውሃ፣ ቀጥሎም መኖ ይስጧቸው።

ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት 90 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ዲግሪ ያህል ይቀንሱ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን ይመልከቱ፦ ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። የማሞቂያ አምፖል ቤት ሊያቃጥል ስለሚችል በሰንሰለት አጥብቀው ይስቀሉት፤ ከጭድና ከካርቶን ያርቁት።

ውሃው ምንቃራቸውንና አፍንጫቸውን ነክረው እንዲያጥቡ ጥልቀት ይኑረው፤ የሚገቡበት ግን አይሁን። የዳክዬ ጫጩት ላባዋን ከውሃ የሚከላከለውን ቅባት የምታገኘው ከእናቷ ነው፤ እናት የሌላት ስትዋኝ ትበሰብሳለች፣ በርዷትም ትሞታለች። ከሣጥኑ ወለል ላይ ጋዜጣ አያንጥፉ፤ ያንሸራትታትና እግሮቿ ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ። ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሻላል፤ እርጥቡን በየቀኑ ያውጡ።

መኖ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዳክዬ ጫጩት ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ገደማ ትፈልጋለች። ለዳክዬ የተዘጋጀ መኖ ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ መድኃኒት ያልተጨመረበትን የዶሮ ጫጩት መኖ ገዝተው ብሩወርስ ይስት የሚባለውን የቢራ እርሾ ይቀላቅሉበት። ዳቦም ሆነ እንጀራ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

አሁን ወደ ሕመም ምልክቶች እንምጣ። ጤነኛ ጫጩት ንቁ ናት፣ ዓይኗ ያበራል፣ ከጓደኞቿ አትለይም። እግሯ ከተጣመመ፣ ቁርጭምጭሚቷ ካበጠ ወይም ቁጭ ብላ መነሳት ካቃታት ናያሲን ጎድሏት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከደረሱላት ትድናለች። ኩሷ ደርቆ መቀመጫዋን ከዘጋው በለብ ባለ ውሃ አርሰው በቀስታ ያንሱት፤ አይንቀሉት። አፏን ከፍታ በጭንቅ የምትተነፍስ ከሆነ የሻገተ ጭድ ወይም መኖ ይፈትሹ። ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ ከወጣ፣ ጭንቅላቷ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው ድንገት መሞት ከጀመሩ ግን የቤት ውስጥ ሕክምና አይሞክሩ። የታመመችውን ለይተው ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ ተሰራጭቷል፤ በዚያው ዓመት በቨርጂኒያ ፎኪየር ካውንቲ በግለሰብ ግቢ ወፎች ላይ፣ በሜሪላንድም በንግድ እርባታ ላይ ተገኝቷል። ብዙ ወፎች በአንድ ጊዜ ከታመሙብዎት ወይም ከሞቱብዎት በፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት ስልክ 1-866-536-7593 ያሳውቁ።

የተገኘችው ጫጩት ጉዳይ ሌላ ነው። እናቷ አቅራቢያ ካለች ራቅ ብለው ይተዉአቸው። ደንበኛ ይዘው በካፒቶል በስተምዕራብ ሲያልፉ የሚያዩትን ትልቁን የውሃ ገንዳ ያስታውሱ፦ በ2017 ጫጩቶቹ ከውሃው ወጥተው እንዲደርቁና እንዲሞቁ መወጣጫ ተሠርቶላቸዋል፤ የገንዳው ጠርዝ ለእነሱ ከፍታው ብዙ ነበርና። እናት ከሌለች በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ በሙቅ ቦታ አድርገው፣ መብልና መጠጥ ሳይሰጡ ይደውሉ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆኑ ለሞንጎመሪ ካውንቲ የእንስሳት አገልግሎት፣ አሌክሳንድሪያ ከሆኑ በአይዘንሃወር ጎዳና ላለው የከተማው የእንስሳት መጠለያ። ለጫጩት ብለው ግን ቤልትዌይ ላይ አይቁሙ።

ወደ ቤት ወስዶ ማሳደግስ? የዱር ዳክዬን ያለ ፈቃድ መያዝ በ1918 በወጣው የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ፎርም ደግሞ ተይዘው ወይም የክስ ወረቀት ተሰጥቶዎት ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። በደግነት ባነሷት ጫጩት ሰበብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጁ መገኘት የለብዎትም።

ባለሱቆችና ባለምግብ ቤቶችም ልብ ይበሉ። ምግብ በሚሸጥበት ቤት ጓዳ ውስጥ ጫጩት ማኖር የጤና ደንብን መጣስ ነው። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነኳት ይጠብቁ፤ ሌላውም ሰው ነክቶ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውሃ ዕቃዋንም በወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይጠቡ።

በመጨረሻም፣ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ዶሮም ሆነ ዳክዬ የሚያረባ ሰው በግዛቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። በግቢ ውስጥ ማርባትን በተመለከተ የየከተማውና የየካውንቲው ደንብ ይለያያል፤ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» ሆኖ ሳለ በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ተከራይ ከሆኑ ውልዎን ያንብቡ። ጫጩቷ በሁለት ወር ገደማ ሙሉ ላባ አውጥታ ትልቅ ዳክዬ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የት እንደምትኖር ዛሬ ካላወቁ፣ ለልጅዎ «አይሆንም» ማለቱ ለሁላችሁም ይበጃል።

ቸር ይግጠመን።