ሩጫና አብዶ፤ በቪዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ለተጫዋቾች ስለሚሰጠው ነጥብ

በጋምቤላ ከተማ ወጣቶች ፕሌይስቴሽን ሲጫወቱ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ኳስ የገባለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቅብብሉን ትቶ የሩጫውን ቁልፍ መጫኑ ነው። ነገሩ የልጁ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው የተሠራበት የቁጥር ሚዛን ያመጣው ነው። ይህን ሚዛን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚል ስም የሚወጣው ጨዋታ፣ ከበረኛው በቀር ማንኛውንም ተጫዋች በ6 ነገር ይመዝነዋል። እነርሱም ፍጥነት፣ ምት፣ ቅብብል፣ ኳስ መንዳት፣ መከላከልና ጉልበት ናቸው። ፍጥነትም ራሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከቆሙበት ፈጥኖ መነሣት፣ ሁለተኛው ከተነሡ በኋላ የሚደረስበት የሩጫ ልክ ነው። አብዶ ደግሞ ለብቻው ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። በመጨረሻም እንደ ተጫዋቹ ቦታ የሚሰላ አንድ ጠቅላላ ነጥብ አለ። ለብዙ ዓመታት በታወቀው ስሌት ለመሐል አማካይ ቅብብል፣ ኳስ መቆጣጠርና አሻግሮ ማየት ሲቈጠሩለት፣ ፍጥነት ግን ከነአካቴው አይገባም ነበር።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በስሌቱ ያልተቈጠረው ፍጥነት በጆይስቲኩ ላይ ይቈጠራል። መልካም ቅብብል የሚገኘው ቁልፉን የያዘው ልጅ ራሱ ሲያስብ ነው፤ ፍጥነት ግን ማሰብን አይጠይቅም። የፍጥነቱ ነጥብ 90 የሆነ አጥቂ 65 ያለውን ተከላካይ አንድ ጊዜ ካለፈው አለፈው ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላ ነጥቡ ዝቅ ያለው ሯጭ ከጠቢቡ ይልቅ ይመረጣል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ፊፋ 23 አነሣሥን በሦስት ዓይነት ከፍሎ፣ ቀስ ብለው የሚነሡት ረጃጅሞች በረጅም ሩጫ እንዲደርሱ አደረገ። ተጫዋቾችም ወዲያው ረጃጅሞቹን ማሳደድ ጀመሩ፤ መድኃኒቱ ሌላ በሽታ ወለደ ማለት ነው።

ምናልባት አንባቢው «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ምን ያሳስበናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ነጥቡን የሚሰጠው ማሽን ሳይሆን ጨዋታ የሚመለከት ሰው ነው፤ የሰውም ዓይን ያደላል። ረንሪፒት የተባለ የዴንማርክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ ሊጎች 80 ጨዋታዎችን መርምሮ፣ የእንግሊዝኛ ተንታኞች ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ተጫዋቾች ይበልጡን በጉልበትና በፍጥነት፣ ነጣ ያሉትን ደግሞ በአስተዋይነት እንደሚያመሰግኑ አሳይቷል።

የእኛም አገር ዓይን ከዚህ ነጻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ጋምቤላ የተወለደው ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ የሄደ አማካይ ነው። ቁመቱን ብቻ ያየ ሰው የጉልበቱን ዓምድ ፈጥኖ ይሞላል፤ ሥራው ግን የተቃራኒን ኳስ አቋርጦ ለወገን ማቀበል ነው። ስለዚህ ነጥብ ሰጪው ከሩጫው በፊት ቅብብሉን ቢመዝን፣ ሁለተኛ ሰውም የፊተኛውን ቁጥር ሳያይ ለብቻው ቢመዝን የተሻለ ይመስለኛል። ይህ ለጨዋታ ሠሪዎች ብቻ ሳይሆን በባሮ ዳር ታዳጊዎችን ለሚመርጥ አሠልጣኝም ይሠራል።