የከዋክብት ልደት የበዛበት ዘመን

በታኅሣሥ ወር 1988 ዓ.ም. ሮበርት ዊልያምስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ከምድር በላይ የሚዞረውን ሐብል የተባለውን ቴሌስኮፕ ድብ በተባሉት ከዋክብት አጠገብ ወዳለ ጨለማ ቦታ አዙሮ 10 ቀን ሙሉ እንዲመለከት ባደረገ ጊዜ፣ ከባልንጀሮቹ አንዳንዶቹ ውድ ጊዜ በከንቱ እንዳይጠፋ መክረውት ነበር። ቦታው ክንድ ተዘርግቶ በጣት ጫፍ የተያዘች የጤፍ ቅንጣት የምትጋርደው ነው። ይሁን እንጂ 342 ፎቶግራፎች ተነሥተው አንዱ በአንዱ ላይ በተደረበ ጊዜ፣ ባዶ ይመስል ከነበረው ጨለማ ውስጥ 3,000 ያህል ጋላክሲዎች ተገለጡ፤ እያንዳንዱም እንደ እኛው ፍኖተ ሐሊብ ሁሉ ከዋክብትን፣ ጋዝንና አቧራን በስበት ኃይል አቅፎ የያዘ የብርሃናት ማኅበር ነው።

ብርሃን ፈጣን ቢሆንም መንገዱ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ፣ አርቆ የሚያይ ሰው የሚያየው ጥንቱን ነው። ሊቃውንቱም በየርቀቱ ያሉትን ጋላክሲዎች ለይተው በየዘመኑ የነበረውን የከዋክብት ልደት በመረመሩ ጊዜ፣ ከዓለም ዕድሜ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ልደቱ እጅግ የበዛው ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ነበረና መጠኑም የዛሬውን 10 እጥፍ ያህል ይሆን እንደ ነበር ተረዱ። ፀሐያችን ከተወለደች 4.6 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ ዋናው ዝናብ ካባራ በኋላ በቀረው ካፊያ የበቀለች ናት ማለት ይቻላል።

ዝናብ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው እሳት ከእሳት ይወለዳል ብሎ ያስባል፤ ኮከብ ግን የሚፀነሰው በብርድ ነው። የሞቀ ጋዝ ይስፋፋልና ለስበት በቀላሉ አይገዛም፤ ከዜሮ በታች እስከ 260 ዲግሪ የቀዘቀዘው ሃይድሮጂን ግን በገዛ ክብደቱ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ መካከሉ ይግላል፣ ግለቱም 10 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ሲደርስ ሃይድሮጂኑ ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምርና ኮከቡ ይበራል። በጥር ሌሊት ደጅ የወጣ ሰው በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠራውን ኦሪዮንን ቢመለከት፣ ከመታጠቂያው ሦስት ከዋክብት ወደ ደቡብ በወረደው ሰይፍ መካከል እንደ ጉም የደበዘዘች ነጥብ ያያል፤ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀችው ይህች ነጥብ ዛሬም ከዋክብት የሚወለዱባት ደመና ናት።

ጋላክሲም የሚያድገው ይህን ቀዝቃዛ ጋዝ ከውጭ እየተቀበለና ታናናሾቹን እየዋጠ ነው። ጋያ የተባለው የአውሮፓ መንኰራኩር በ2010 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ልኬቱ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ከነባሮቹ በተለየ መንገድ የሚጓዙ ብዙ ከዋክብት እንዳሉ አሳየ፤ እነዚህም ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተዋጠ የአንድ ታናሽ ጋላክሲ ቅሬታዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ጋዝ እያለው የመከነው ጋላክሲ ነው። በሰንቡላ አቅጣጫ የሚገኘው ኤም 87 በመካከሉ የ6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ አለው፤ ወደዚህ ጉድጓድ የሚወድቀው ነገር ከመዋጡ በፊት ከሚያስነሣው ኃይል የተነሣ በዙሪያው ያለው ብዙ ጋዝ እንደ ጋለ ይኖራል፣ እንደ ጋለም ስለሚኖር ደመና ሆኖ አይወርድም። በታናናሾቹ ጋላክሲዎች ዘንድ ደግሞ ግዙፋን ከዋክብት ሲሞቱ ፈንድተው ጋዙን ወደ ውጭ ይበትኑታል።

በፍኖተ ሐሊብ ዛሬ በየዓመቱ ወደ ከዋክብት የሚለወጠው ጋዝ የሁለት ፀሐይ ክብደት ያህል ብቻ ነው። ካፊያው ግን አላባራም፤ የስሚዝ ደመና የሚባለው፣ ከሚሊዮን ፀሐይ የማያንስ ክብደት ያለው የሃይድሮጂን ደመና ወደ እኛ ጋላክሲ በመውረድ ላይ ነው፤ የሚደርሰውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው።