መርከብ ይሠራበት ስለ ነበረው የአምስተርዳም የውኃ ዳርቻ

በሆላንድ ዋና ከተማ በአምስተርዳም፥ ከታላቁ የባቡር ጣቢያ በስተ ኋላ፥ ኤይ የሚባል ሰፊ ውኃ አለ። ከዚያ ሕዝቡን ያለ ዋጋ የሚያሻግር ጀልባ ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ተጕዞ ኤን ዴ ኤስ ኤም ከሚባለው ሥፍራ ያደርሳል።

ይህ ስም የመርከብ ሠሪ ኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ተመሥርቶ፥ በ1946 ዓ.ም. ከሌላ ኩባንያ ጋራ ሲቀላቀል በዚህ ስም ተጠራ። ብዙ ሺህ ሠራተኞች ብረት እየቈረጡና እየበየዱ ታላላቅ መርከቦችን ወደ ውኃ ያወርዱ ነበር። ለእነርሱና ለቤተ ሰባቸውም ከ1919 እስከ 1924 ዓ.ም. ቱይንዶርፕ ኦስትዛን የተባለው ባለ አትክልት መንደር በአቅራቢያው ተሠራ። የመዶሻው ድምፅ በየቤቱ ደጃፍ ይሰማ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ኋላ ግን ጃፓንና ኮሪያ በርካሽ ዋጋ መርከብ መሥራት ጀመሩ፤ በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲወደድም የትልልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ፈላጊ ታጣ። ኩባንያው በ1984 ዓ.ም. ከስሮ ተዘጋ። እንጀራው የተቋረጠበት አባወራ ያን ቀን ለልጆቹ ምን እንዳላቸው በመዝገብ አልተጻፈም።

ባዶውን ሥፍራ መጀመሪያ ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎች ያዙት፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢም ከተማው ለሠዓሊዎችና ለእጅ ባለ ሙያዎች ሰጠ። ስፋቱ 20,000 ካሬ ሜትር በሚያህለው አዳራሽ ውስጥ የብረት ምሰሶና አግዳሚ ተተከለላቸውና የቀረውን ግድግዳ እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ሠራው፤ ስሙንም የጥበብ ከተማ አሉት። ብየዳ ይበየድበት የነበረው ቤት ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ሥዕል ሙዚየም ሆነ። በውጭ ግድግዳውም የብራዚሉ ሠዓሊ ኤድዋርዶ ኮብራ በ2016 ዓ.ም. የሣላት የአና ፍራንክ ፊት ከሩቅ ይታያል፤ ይህችም ከቤተ ሰቧ ጋራ በዚሁ ከተማ ተሸሽጋ የነበረችው ልጅ ናት። የመርከብ ብረት ያነሣ የነበረው ረጅም ክሬን እንኳ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ሆቴል ሆኗል፤ ይህን ያሰበውን ሰው እናደንቃለን፥ ከዚያ ላይ ለመተኛት ግን አንደፍርም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሥፍራው ያማረው በሠዓሊዎቹ እጅ ሲሆን፥ ስላማረ የመሬቱ ዋጋ ወጣ፤ ዙሪያውንም ረጃጅም መኖሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ከበቡት። ኪራዩ ከፍ ባለ ቍጥር ድኻው ባለ ሙያ፥ ቀድሞ ብረት ሠሪው እንደ ወጣ፥ ሊወጣ ይችላል። በእኛ አስተያየት ከተማው ቢያንስ የአዳራሹን ኪራይ በውል ሊወስነው ይገባል። መርከብ ይንሸራተትበት በነበረው ተዳፋት ሥር ያሉት የሥራ ክፍሎች ገና በባለ ሙያዎች እጅ ናቸው።