አባ ዳኘውን እዩልኝ

«ምኒልክ ሐውልት ጋ ጠብቀኝ» ብሎ ያልተቀጣጠረ የአዲስ አበባ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ጠባቂው ይመጣል፣ ጀርባውን ለሐውልቱ ሰጥቶ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል፣ የቀጠረው ሰው ሲደርስ ይሄዳል። ቀና ብሎ ያየ ካለም የሚያየው ንጉሡን ነው፤ ዘውዱንና ካባውን። እኔ ግን ልጅነቴን ዶሮ ማነቂያ ያሳለፍኩ፣ ያንን ሐውልት እያየሁ ትምህርት ቤት የተመላለስኩ ነኝና ዛሬ የፈረሱ ጠበቃ ሆኜ ቀርቤያለሁ። የጠላት አምስት ዓመት ተቀንሶ፣ ያን ሁሉ ነሐስ በሁለት የኋላ እግሮቹ ተሸክሞ የኖረው እሱ ነው።

መታወቂያውን ቶሎ ልጨርስ። ሐውልቱ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው ያለው። የሠራው ሄርትል የሚባል ጀርመናዊ ነው። የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጫን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ አባታቸው በነሐስ ተቀርጸው አደባባይ ሲቆሙ አላዩም፤ መጋቢት 24 ቀን 1922 አርፈው ነበር። ለዘውዱ በዓል ከየአገሩ ከመጡት እንግዶች አንዱ ደግሞ የጣልያን ንጉሥ ዘመድ የዑዲኔው ልዑል ነበሩ። አድዋ ላይ አገራቸውን ድል የነሱት ንጉሥ ሐውልት በሚመረቅበት ሰሞን እዚያው ከተማ መገኘታቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ጣልያንም አልረሳውም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ በገባ ብዙም ሳይቆይ ሐውልቱን አወረደው። ለገሀር የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ጭኖ ሮም ወስዶ አቆመው፤ አንበሳ የትም ቢቆም አንበሳ ነው፣ ምርኮ ተብሎ ይታያል። የምኒልክን ፈረስ ግን ሮም ላይ አቁሞ ለሕዝቡ ምን ብሎ ያሳየዋል? እናም ከዓይን ተሰወረ። ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ይኸው አለ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

አንድ ቀን ሐውልቱ ሥር ሊስትሮ ጫማዬን እየጠረገልኝ ሳለ አንድ አስጎብኚ ተማሪዎች ሰብስቦ ሲያስረዳ ሰማሁት። «የፈረሱ ሁለት የፊት እግሮች ከተነሱ ጌታው ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከተነሳ ቆስሎ ቆይቶ ሞቷል። አራቱም መሬት ከነኩ በሰላም አልጋው ላይ አርፏል።» ልጆቹ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ምኒልክ አድዋ ላይ ነው የሞቱት?» አለች። አስጎብኚው ትንሽ አሰበና «ቆስለው ነበር» አለ። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ምኒልክ አድዋ ላይ አልሞቱም፣ አልቆሰሉምም። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ለዓመታት ታመው፣ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ነው። ሞታቸው እንኳ ለብዙ ጊዜ ከሕዝብ ተደብቆ ቆይቷል። እንግዲህ በአስጎብኚው ሕግ ከሄድን ይህ ፈረስ አራት እግሩን አንድ ላይ አጥብቆ መሬት ላይ መትከል ነበረበት። አልተከለም። የፊት እግሮቹ አየር ላይ ናቸው።

ይህ ተረት የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ፈረንጁም በያገሩ ያወራዋል። የሚገርመው፣ ተረቱን የሚያፈርሱት ሐውልቶች የትም ሳይሆን ታላላቅ ከተሞች መሀል መቆማቸው ነው። ማድሪድ ውስጥ የስፔኑ ንጉሥ የፊልጶስ አራተኛ ፈረስ እንደኛው የፊት እግሮቹን አንስቷል። ፒዬትሮ ታካ የሚባል ጣልያናዊ በ1640 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ነው። ንጉሡ መቼ ሞቱ? በ1665! እግሮቹ ከተነሱ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ኖረዋል። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የታላቁ ጴጥሮስ ፈረስም ተንጠራርቶ ነው የቆመው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የሞቱት ታመው፣ አልጋቸው ላይ ነው።

ዋሺንግተን ደግሞ ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት፣ ላፋዬት መናፈሻ ውስጥ ጄኔራል ጃክሰን አለ። ታክሲ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው የወሰደኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፍ ፈረሱን ልብ ብሎ አያውቅም ነበር። ፕሬዚዳንት የነበሩት ጃክሰን በ1845 እ.ኤ.አ. ቤታቸው ሞቱ፣ ፈረሳቸው በ1853 ሁለት እግሩን አንስቶ ቆመ። የሠራው ክላርክ ሚልስ ከዚያ በፊት የፈረሰኛ ሐውልት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ሙያውን ራሱን ያስተማረ ሰው ነበር። የአክስቴ ልጅ ዙሪያውን ዞሮ «ምኑ ነው የያዘው?» አለኝ። ደስ አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነዋ!

ምኑ ይይዘዋል? ቀራጩ የፊት እግሮችን የሚያነሳው ስለ ጌታው አሟሟት ሊነግረን ብሎ አይደለም፤ ከባድ ስለሆነ ነው፤ እችላለሁ ለማለት ነው። ኩንታል በኩንታል ላይ የሚመዝን ነሐስ በሁለት ቀጭን ቁርጭምጭሚት ሲቆም ወደ ፊት መደፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ከፊት በኩል ያለውን ነሐስ ማሳሳት፣ ከኋላ ያለውን ማክበድ ያስፈልጋል። ታካን ጋሊልዮ መክሮታል የሚባለው ይህንኑ ነው። ጅራቱም ሥራ አለው፤ የማድሪዱ ፈረስ ጅራት ሦስተኛ እግር ነው። የጴጥሮስ ፈረስ እባብ ረግጧል፤ ተመልካች እባቡን ምሳሌ ነው ብሎ ይተነትናል፤ ቀራጩ ፋልኮኔ ግን ጅራቱን እባቡ ላይ አሳርፎ ምሰሶ አድርጎታል።

የነሐስ ሐውልት ውስጡ ደግሞ በአብዛኛው ባዶ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚከፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ንጉሡ የተዋረዱ ይመስላቸዋል። ባዶነቱ ግን የአሠራሩ ጉዳይ ነው፤ ነሐስን አቅልጦ ቅርጽ ለማውጣት ከቆዩት መንገዶች አንዱ እኮ በእኛ ቅኔ ስም ወጥቶለታል። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ወርቁ ይገባል። ሰምና ወርቅ ማለት ይኸው ነው። ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ቃሉን ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል፣ ምድጃውን ግን አያስታውስም።

አሁን ወደ ፈረሱ ስም ልለፍ። ርዕሱ ላይ የጻፍኩት «አባ ዳኘው» የምኒልክ የፈረስ ስም ነው። እዚህ «አባ» ማለት ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው፤ አንዳንድ ወጣት የመነኩሴ ማዕረግ ይመስለዋል። ዳኘው ፈረሱ ነው፣ አባ ዳኘው የዳኘው ጌታ። በዚያ ዘመን ለመንገድ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው፤ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ልጓሙ ተይዞ፣ ሳይደክም እየተሳበ ይከተላል። የሚወጡበት ለውጊያ ነው። ለዚህ ነው ጦረኛው በበቅሎው ሳይሆን በፈረሱ የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ገበየሁ አባ ጎራው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ስንል ብልሃታቸውን የምናሞግስ ይመስለናል፤ መላ ግን ፈረስም ነው።

ከሁሉ ሩቅ የሄደው የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። የሐረርጌ ፈረስ ስም በኮርያ ተራሮች ላይ፣ በበረዶ ውስጥ ተጠራ! ሐረር ላይ የነበረው የራስ መኮንን የነሐስ ፈረሰኛ ሐውልት ግን በሰኔ 2012 ሁከት ተገርስሶ ወደቀ።

የአራዳው ሐውልት መደብ ላይ እየወጣችሁ ፎቶ ለምትነሱ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ውረዱ። ለንጉሡ ክብር ብዬም አይደለም፤ እዚያ ሆናችሁ የምታነሱት ፎቶ የፈረሱን ሆድ ብቻ ነው የሚያሳየው። ራቅ በሉ፣ ከጎኑ ቁሙ፣ ከወገቡ እስከ ኋላ ሰኮናው ድረስ በዓይናችሁ ውረዱ። ክብደቱ የት እንዳረፈ ያኔ ይገባችኋል። ጠዋት በተለይ፣ ታክሲው ሳይበዛ።

አንድ የአድዋ በዓል ላይ እንዲሁ ከጎን ቆሜ ሳለ የባህል ልብስ የለበሰ ጎረምሳ በነጭ ፈረስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፈረሱ ግላሱ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ ተንጠልጥሎበታል፤ ማይክሮፎኑ ሲያንባርቅ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ልቤ ሞቀ። «ጎሽ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ፈረስህን ማን ትለዋለህ?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ በአክብሮት መለሰልኝ። «የኪራይ ነው ጋሼ፤ ስሙን ባለቤቱን ይጠይቁ።»