ወርቁ የጋራ፣ ሰሙ የራስ

ተማሪዎቼ ግጥም የጻፉበትን ደብተር ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምፈልገው ቤት መምታቱን አይደለም፤ ዛሪማን ነው። ከተማችን ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቆላ ናት። ደባርቅ ላይ ሰው በብርድ ጋቢ ሲደርብ እዚህ ጥላ እንፈልጋለን። ደብተሩ ውስጥ ግን ጽጌረዳ፣ የባሕር ዳርቻ፣ በረዶ የሸፈነው ጎዳና ነው ያለው። ልጆቹ ቃል አላጠራቸውም። ያልጻፉት የገዛ ዓይናቸው ያየውን ነው።

«መምህር፣ የራሴን ድምፅ እንዴት ላግኝ?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ ከቅኔ ቤት የመጣ ነው።

በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት እያንዳንዱ አገር የሚጠራበት ሙያ አለው። ጎንደር በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት ይታወቃሉ። ቅኔ ፈላጊው በብዛት የሚሄደው ወደ ጎጃምና ወደ ዋድላ ነው። እኔም በልጅነቴ አኩፋዳዬን አንግቼ ወደ ጎጃም ተሻገርሁ።

በዜማ ቤት ተማሪ የተቀበለውን ሳያዛንፍ መመለስ አለበት። ቅኔ ቤት ሕጉ ሌላ ነው፤ ሌላ ሰው የተቀኘውን የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ግሱንና እርባ ቅምሩን፣ ማለትም የግእዙን ሰዋስው፣ የያዘ ተማሪ፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ራሱ እንዲቆጥር፣ ማለትም እንዲቀኝ፣ ይታዘዛል። ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይከተላል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ሲደርስ ሙሉ ቤት ይባላል። የኔታ ቅኔ ከዘረፉ፣ ማለትም ለአርአያ ከተቀኙ በኋላ ተማሪው በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ተበትኖ ይቆጥራል። ሲመለስ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል፤ ቃሉ፣ ዜማው፣ ምሥጢሩ ይታረምለታል። በማግሥቱ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። ትናንት የተመሰገነበት ቅኔ ለዛሬ አይሆነውም።

ብዙ ሰው ድምፁን የሚያገኘው ችሎታው ሲበስል ይመስለዋል። ቅኔ ቤት ያስተማረኝ ተቃራኒውን ነው፤ ሳይበስል በየቀኑ የራሱን እንዲያመጣ የተገደደ ሰው ነው የሚበስለው።

ግን የራሱ የሚባለው ምኑ ነው? በዓሉ ልደት ከሆነ ሁሉም ስለ ልደት ይቀኛል። ምሥጢሩን፣ ማለትም ወርቁን፣ ማንም አይፈጥረውም፤ የጋራ ነው። ምሳሌው፣ ሰሙ ግን ከተማሪው ሕይወት ይመጣል። አንድ የልደት ሰሞን ጓደኞቼ ከእርሻና ከከብት ሲመስሉ እኔ ሊማሊሞን አመጣሁ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀደደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ የጭነት መኪና ከብርዱ ደጋ ወደ ሚያቃጥለው ቆላ ሲወርድ። ወርቁ የጌታ ከሰማየ ሰማያት መውረድ ነበር። የኔታ ግእዜን በሁለት ቦታ አረሙና «ይህን አንተ ብቻ ነህ ያየኸው፤ ከዚያው ቁጠር» አሉኝ። ሊማሊሞን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

ቅኔ ቤት ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርጋል የሚሉ አሉ። እነሱ የጎጃሙን ደብረ ኤልያስን ይመልከቱ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ተውኔት ደራሲ ሆነ፤ «አፋጀሽኝ» የእሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሯል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የቅኔ ተማሪ አድርጎ ያቆመው የሚያውቀውን ሕይወት ስለሆነ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ጉባኤ ጠጡ፤ ድምፃቸው ግን በፍጹም አይመሳሰልም።

የጎንደር አዝማሪም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺ ሆዬው የሁሉም ነው። ግጥሙን ግን ፊቱ ለተቀመጠው ሰው፣ ለዚያች ምሽት ያወጣዋል።

አንዲት ተማሪዬ ስለ ናፍቆት ጽፋ መጣች፤ ጨረቃና ኮከብ የሞላበት ነበር። «ወርቁ ገብቶኛል፤ ሰሙ የት አለ?» አልኋት። ቆይታ ሌላ ይዛ መጣች። አባቷ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ነበር፤ እናቷ ማታ ማታ ከሊማሊሞ የሚወርደውን የአይሱዙ ድምፅ ታዳምጣለች፤ ከሞተሩ ድምፅ ተነሥታ ባዶውን ከጭነቱ ትለያለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አካባቢያችን ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ የመኪና ድምፅም ጠፋ። ግጥሙ ስለዚያ ጸጥታ ነው። ናፍቆት የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ቤቱ ሁለት ቦታ ላይ ይሰበር ነበር፤ አብረን አረምነው። በክፍል ውስጥ ስታነብበው የየቤቱ ልጅ የገዛ እናቱን አስታወሰ።

አማርኛ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ልጆቹ የታወቁ ግጥሞችን በቃላቸው ይያዙ፤ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ጋር ግን በየሳምንቱ ሁለት ስንኝ የራሳቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠይቋቸው፤ ከሰፈራቸው፣ ከወንዛቸው፣ ከመንገዳቸው። ሲያነቡም ተቀምጣችሁ አዳምጡ፤ ካዳመጣችሁ በኋላ ደግሞ ሳትራሩ አርሙ።