ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ፎከሱን ሲስት

እ.ኤ.አ. በ1929 በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ የተመረተው ሮላይፍሌክስ፣ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀ መሣሪያ ነው። የላይኛው ሌንስ ለመመልከቻ፣ የታችኛው ለማንሻ ያገለግላል። ከላይ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ በተጋደመ አንጸባራቂ መስታወት ተመልሶ በደብዛዛ መስታወት ላይ ምስል ይፈጥራል፤ ከታች የገባው ግን በቀጥታ ፊልሙ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሌንሶች በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለተተከሉ እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ከላይ ጥርት ብሎ የታየው ነገር ፊልሙም ላይ መጥራት አለበት። በአሮጌ ካሜራ ይህ ስምምነት ሲፈርስ ጉድለቱ የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ 12ቱም ፎቶዎች አልፈዋል።

ለመሆኑ ምን ያህል መዛነፍ ይበቃል? የሌንሱ የፎከስ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በሌንስ ቀመር መሠረት የሩቅ ተራራ ምስል ከሌንሱ በ75 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በ3 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው ምስል ደግሞ በ76.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ማንሻው ሌንስ ከሚገባው በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢወጣ፣ የሚጠራው በ2.7 ሜትር ላይ ያለ ነገር ይሆናል። ሰውየው ይደበዝዛል፤ ከፊቱ ያለው ባዶ አየር ፎከስ ውስጥ ይገባል። የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ሲጠብ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ስለሚሰፋ ጉድለቱ ይሸፈናል። ይሁን እንጂ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ምርመራው ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መደረግ አለበት።

በመጀመሪያ የታጠበውን ፊልም በማጉያ መነጽር እንመርምር። ከተፈለገው ነገር ፊት ወይም ኋላ ያለው ጠርቶ ከታየ ችግሩ የፎከስ ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ ካሜራው ተንቀሳቅሷል። ምስሉ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ሌንሱ ሻግቶ ወይም ቆሽሾ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የፎከስ ከሆነ ካሜራውን ያለ ፊልም በማቆሚያ ላይ እናስቀምጥ። የኋላ ክዳኑን ከፍተን፣ ፊልሙ በሚያርፍባቸው ውስጠኛ ሐዲዶች ላይ ደብዛዛ መስታወት፣ ደብዛዛ ገጹን ወደ ሌንሱ አዙረን እናጋድም። መዝጊያውን በ“ቢ” ከፍተን እንያዝ። ከዚያም የፎከስ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ሩቅ ርቀት አዙረን፣ በብዙ መቶ ሜትር ርቀት ያለ ምሰሶ በሁለቱም መስታወቶች ላይ እንመልከት።

የኋላው ጠርቶ የላይኛው ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ የመመልከቻው መንገድ ነው፦ አንጸባራቂው መስታወት ከቦታው ተንሸራትቷል፣ ደብዛዛው ተገልብጦ ተገጥሟል ወይም የላይኛው ሌንስ ላልቷል። የላይኛው ጠርቶ የኋላው ከደበዘዘ፣ ማንሻው ሌንስ በሚገባ አልጠበቀም ወይም ከጽዳት በኋላ በትክክል አልተገጠመም። ከምስሉ አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ የሌንሶቹ ሰሌዳ ተጣሟል። ሁለቱም ጠርተው ፎቶው ብቻ የሚደበዝዝ ከሆነ ደግሞ ፊልሙን የሚጫነው ሰሌዳ ይመርመር፤ ፊልሙ ካልተዘረጋ የትኛውም ሌንስ አያጠራውም።

መፍቻ መነሳት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። የመመልከቻው መንገድ ተዛንፎ ሳለ ደኅናውን ማንሻ ሌንስ የነካካ ሰው፣ አንድ የነበረውን ጉድለት ሁለት ያደርገዋል።