የእናት ገንዘብና የባንክ መስኮት

ገንዘብን በመቀነት ቋጥሮ ወይም በሣጥን ቆልፎ ማኖር ለሌባ ያጋልጣልና ባንክ አስቀምጡ የሚለው ምክር በአገራችን ሲነገር ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሕዝቡም ምክሩን ሰምቷል። በወላይታ ሶዶ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን የባንክ ሰሌዳዎች የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ሌባው ከውጭ የሚመጣ ባይሆንስ? ደብተሩን የያዘው የገዛ ልጅ፥ የወንድም ልጅ ወይም አማች የሆነ እንደ ሆነ ባንኩ ምን ማድረግ ይገባዋል? ዛሬ ጥቂት ልንናገርበት የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ወላይታ በቁጠባ የሚታማ አገር አይደለም። በመስከረም ለሚከበረው ለጊፋታ በዓል ወንዶቹ ለሥጋ፥ ሴቶቹ ለቅቤ አስቀድመው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ማየት የተለመደ ነው። ልጆቹም ቀድሞ ወደ ወንጂ ሸንኮራና ወደ አዋሽ እርሻዎች፥ ኋላም ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ፥ ጫማ በመጥረግና ሎተሪ በማዞር ካገኙት ላይ ቀንሰው ለወላጅ መላክን ያውቁበታል። በዚህ ላይ ጡረታ አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ምግብ ለሚያጥረው ቤተ ሰብ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ርዳታ ተጨምሯል። እንግዲህ በዕድሜ የገፋች፥ ፊደል ያልቆጠረች፥ ከወላይትኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማትናገር እናትም በስሟ ገንዘብ ሊኖራት ይችላል ማለት ነው። ስሙ የርሷ ነው፤ ገንዘቡን የሚቆጥረው እጅ ግን የሌላ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለች እናት ወደ ባንክ ስትመጣ በመስኮቱ የሚነገራት የታወቀ ቃል አለ። «እማማ፥ ማንበብ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» ትባላለች። ይህ በክፋት የሚነገር አይደለም፤ ባንኩ ኋላ ጠብ እንዳይመጣበት ሲጠነቀቅ ነው። ይዛው የምትመጣው ግን ማንን ነው? ልጇን ነው። ቅጹን የሚሞላው እርሱ፥ የሚያስተረጉመው እርሱ፥ ጣቷን ይዞ በወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈውም እርሱ ነው። አምስት መቶ ብር አውጣልኝ ያለችው አምስት ሺህ ተብሎ ቢጻፍ ማን ይነግራታል? ልጁ ደግ ከሆነ እሰየው፤ በእውነቱም ብዙዎቹ ልጆች ደጎች ናቸው። ደግ ያልሆነው ሲያጋጥም ግን እናቲቱን ለጥቃት የሚያመቻቻት ያ የጥንቃቄ ደንብ ራሱ ነው።

ሕጉ እንኳ እንዲህ አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1728ኛው አንቀጽ፥ የዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፥ አዋዋይ፥ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር ሰውየውን አያስገድደውም ይላል። ሕግ አውጪው ያሰበው በነገሩ ጥቅም የሌለውን፥ ባዕድ የሆነውን ሹም ነው፤ ልጅ ወይም አማች ከነዚህ ውስጥ የለም። ይኸው አንቀጽ በሌላ በኩል ማስቸገሩን አንክድም። የተማሩ ዐይነ ስውራን፥ ከነርሱም መካከል ሕግ ዐዋቂዎች ጭምር፥ የገዛ ሒሳባቸውን ለመክፈት ምስክር አምጡ እየተባሉ መመለሳቸውን ሲያማርሩ ኖረዋል። መጠበቅ ማለት ሰውን ከገንዘቡ ማራቅ ማለት ሊሆን አይገባም።

ውክልናም ሌላው በር ነው። ብዙ ሰው ውክልና የሰጠ ዕለት ሀብቱን አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚሁ ሕግ ዘንድ ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ይሰጣል፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩም በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ «አይሻርም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ቃሉ ዋጋ የለውም። ይህን በወላይትኛ የነገራት ሰው ስለ መኖሩ እናቲቱን መጠየቅ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በፈረንጆች 2020 ባወጣው የተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ደንበኞች በቅንነት እንዲስተናገዱና አቤቱታቸው እንዲሰማ አዟል። እንግዲህ በሶዶ መስኮት ይህ ቅንነት ምን ይመስላል? በእኛ አስተያየት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ገንዘብ ከፋዩ ብዙ ጊዜ የአገሩ ልጅ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል። አጃቢውን «አንተ እዚያ ወንበር ላይ ጥቂት ቆይ» ብሎ እናቲቱን ብቻዋን «ስንት ላውጣልዎ? ለምን ጉዳይ ነው? በሒሳብዎ የቀረውን ያውቃሉ?» ብሎ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። በወር ሁለት መቶ ብር ስታወጣ የኖረች ሴት ድንገት ሁሉንም ላውጣ ስትል አለቃው ቢጠራ ነውር የለበትም። በአሜሪካ አገር የአክሲዮን ደላላ ቤቶች ከ2018 ወዲህ ደንበኛው የሚያምነውን አንድ ሰው አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌ እየተበዘበዘ መሆኑን ከጠረጠሩም ክፍያውን ለጊዜው ለማቆየት ተፈቅዶላቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ልክ አለው። አንድ አባት ጡረታውን ለልጁ ሠርግ ልስጥ ቢል መብቱ ነው፤ እርጅና እብደት አይደለም። ሰውን በገንዘቡ እንዳያዝ የሚከለክል ፍርድ ቤት እንጂ የባንክ ጸሐፊ አይደለም። ከፋዩ ከጠየቀና ከሰማ በኋላ መክፈል አለበት።

ከሁሉ የከበደን ግን መስኮት የሌለው ባንክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ይሄዳል፥ ይመጣል። የምሥጢር ቁጥሩን የመረጠው ልጁ ነው፤ ስልኩም በልጁ ኪስ ነው። ገንዘብ መውጣቱን የሚያበሥረው መልእክት ሲደርስ የሚያነበው ያው ያወጣው ሰው ይሆናል። እናቲቱን ነጥሎ የሚጠይቅ ከፋይም በዚያ የለም። ባንኮቹ ቢያንስ ለእንዲህ ያሉ ደንበኞች የቀን ወጪውን ዝቅ አድርገው ቢወስኑ፥ መልእክቱም እናቲቱ ራሷ ለመረጠችው ለሁለተኛ ሰው፥ አዲስ አበባ ላለችው ልጇ ወይም ለጎረቤቷ፥ እንዲደርስ ቢያደርጉ የሚቸግር አይመስለንም። ማን ይሁን ተብላ የምትጠየቀውም ልጁ በሌለበት ሊሆን ይገባል።